ባቲ ነው ትዝታ? የአንድ የፍቅር ኮሜዲ ፊልም የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ፊልሙ 100 ደቂቃ ገደማ የሚሆን የፍቅር ኮሜዲ ነው፤ ቦታው አዲስ አበባ። አራት ወጣቶችና አንድ ጎልማሳ ኪቦርድ ተጫዋች ያሉበት ባንድ ለእንቁጣጣሽ ነጠላ ዜማ ለማድረስ ይሯሯጣል። ድምፃዊቷና ክራር ተጫዋቹ ከመጀመሪያው ልምምድ ጀምሮ አይስማሙም፤ ላለመስማማታቸው የሚያቀርቡት ምክንያት ግን ሁልጊዜ ሙዚቃ ነው። መሐል ላይ አንድ አሳታሚ ድምፃዊቷን ብቻ ነጥሎ ውል ያቀርብላታል። ሥራው ከዚህ በታች በየወሩ ተመዝግቧል።

መስከረም፤ ስክሪፕት

የተያዘው መመሪያ አንድ ነው፤ ሳቁም ፍቅሩም ከሙዚቃው ሥራ ውስጥ ይውጣ። ገጸ ባሕርያቱን አውጥቶ ባንክ ቤት ቢያስቀምጧቸው እንደነበረ የሚሄድ ቀልድ ካለ ይሰረዛል። በዚህ መለኪያ ከመጀመሪያው ረቂቅ ብዙ ነገር ወጣ፤ በስህተት የተላከው የስልክ መልእክትም፣ መንታ ወንድምም፣ አብሳሪ ጎረቤትም። የቀረው ጠንከር ያለ ነው።

ታሪኩን የሚሸከመው የመተዋወቂያው ትዕይንት ነው። ክራር ተጫዋቹ በባቲ ማይነር ቅኝት ቃኝቷል፤ አምስቱ ድምፆች በፈረንጅ ኖታ ስማቸው ሲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ እና ቢ ፍላት ናቸው፤ ስድስተኛው ክር ሲን በላይኛው ስምንተኛ ይደግማል። ድምፃዊቷ በሩን ከፍታ ስትገባ የሰማችው ግን ትዝታ ሜጀር ነው፤ ከኢ ፍላት የተነሣ። እነዚያኑ አምስት ድምፆች ከኢ ፍላት ጀምሮ ለቆጠራቸው ሰው ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት፣ ሲ ትዝታ ሜጀር ይሆናሉ። አንድም ክር ሳይነካ ሁለቱም ልክ ናቸው።

«ትዝታውን አታቋርጥብኝ፤ ልግባበት።»
«የምን ትዝታ? ባቲ ነው የያዝኩት።»
«ባቲና ትዝታ ለይተሽ አታውቂም እያልከኝ ነው?»
«ክራሩን የቃኘሁት እኔ ነኝ።»
«የምዘፍነው ደግሞ እኔ ነኝ!»

ሁለቱም ወደ ኪቦርድ ተጫዋቹ ዞረው «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ» ይሉታል። እሱ ዝም ይላል። የሚፈርደው ቤዝ ተጫዋቹ ነው፤ ከሥር ሲን ሲይዝ ባቲ ይሆናል፣ ኢ ፍላትን ሲይዝ ትዝታ ይሆናል፤ ይህን ያውቃልና «ምሳ የጋበዘኝ ያሸንፋል» ይላል። ቀልዱ የሚሠራው ተመልካቹ ለውጡን በጆሮው ስለሚሰማው ነው። የቅኝት ስም የማያውቅ ሰው እንኳ የቤዙ ድምፅ ከሲ ወደ ኢ ፍላት ሲሸጋገር ዜማው ማረፊያውን መቀየሩን ይሰማል። ስለዚህ በስክሪፕቱ ላይ ከእያንዳንዱ ንግግር ጎን የቤዙ ድምፅ ተጽፏል፤ በየትኛው ቃል ላይ እንደሚገባም ተለይቷል።

መጨረሻው ላይ ይኸው ነገር በሌላ ቅኝት ይመለሳል። ትዝታ ማይነር ከሲ ሲነሣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው። እነዚሁ ከጂ ሲቆጠሩ ጂ፣ ኤ ፍላት፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት ይሆናሉ፤ ይህም አምባሰል ነው። በመጀመሪያው ትዕይንት የተከራከሩት ሰዎች በመጨረሻው መድረክ ላይ ክርክሩን ትተው እሷ ከሲ፣ እሱ ከጂ ይይዛሉ። የፍቅር መግለጫው ንግግር ከስክሪፕቱ የወጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚነገር ቃል ሁሉ ትርፍ ነው።

የገጽ ቆጠራ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ነው የሚለው ልማድ በአማርኛ አይያዝም፤ ፊደሉ ብዙ ቃል በትንሽ ቦታ ስለሚያሳድር አንድ ገጽ ንግግር በቀላሉ ከደቂቃ ያልፋል። ሁሉም ትዕይንት ጮክ ተብሎ እየተነበበ በሰዓት ይለካል፤ የሙዚቃው ርዝመት ለብቻው ይደመራል።

አጠራሩም በስክሪፕቱ ላይ ተወስኗል። ወጣቶቹ እርስ በርስ አንተና አንቺ ናቸው፤ ኪቦርድ ተጫዋቹን «ጋሼ» እና «እርስዎ» ይሉታል። ክራር ተጫዋቹ ድምፃዊቷ ውል መፈረሟን በሰማ ማግስት «እርስዎ» ብሎ ይጠራታል። አንቱታው በዚያች አንዲት ትዕይንት ብቻ ነው የሚኖረው፤ ከበዛ ኃይሉን ያጣል።

ጥቅምት፤ ዜማና ውል

ዘፈኖቹ አራት ናቸው፤ ሁሉም አዲስ። የታወቀ ዘፈን ማስገባት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የግጥሙና የዜማው ደራሲ መብት በሕይወት እስካሉና ከሞቱ በኋላም ለ50 ዓመት ይቆያል። ከዚያ በላይ የድምፃዊውና የቅጂው ባለቤት መብት አለ። አንዱ ፈቅዶ ሌላው ካልፈቀደ ዘፈኑ አይገባም። ለአዲሶቹም ቢሆን ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብርና ድምፅ አራት የተለያዩ ፊርማዎች ናቸው። በውሉ ላይ ፊልሙ በሲኒማ፣ በቴሌቪዥን፣ በኢንተርኔትና በውጭ አገር እንደሚታይ፣ ዘፈኑም ለብቻው እንደ ነጠላ ዜማና እንደ ማስታወቂያ ቁራጭ እንደሚወጣ በየስሙ ተዘርዝሯል። «ለፊልሙ አገልግሎት» ብቻ ብሎ ማለፍ በኋላ ክሊፑ ዩቲዩብ ላይ ሲወጣ ጠብ ያመጣል። የሠርግ ዘፈኖቹ የሕዝብ ናቸው፤ የታወቀ ሰው ያቀናበራቸውን አካሄድ መውሰድ ግን አይቻልም፤ ስለዚህ ቅንብራቸው ከባዶ ይሠራል።

የዘፈኖቹ ፍጥነት ከመቀረጻቸው በፊት ከካሜራው ጋር ይዛመዳል። ፊልሙ በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ይቀረጻል። ጭክጭካው በስድስት ስምንተኛ ሆኖ ዋናው ምት በደቂቃ 100 ከሆነ አንዱ ምት 0.6 ሰከንድ ነው፤ ይህም ልክ 15 ፍሬም ይሆናል፤ በውስጡ ያሉት ሦስት ትናንሽ ምቶች አምስት አምስት ፍሬም ይደርሳቸዋል። የሠርጉ ዘፈን 125 ነው፤ ምቱ 12 ፍሬም፣ ትንሹ ምት 4 ፍሬም። ቀርፋፋው ዘፈን በአራት አራተኛ 75 ነው፤ ምቱ 20 ፍሬም። ዘፈኑ 103 ወይም 97 ቢሆን ኤዲተሩ ምቱን ሁልጊዜ በፍሬም ሽራፊ ይስታል፤ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ቁርጡና ምቱ እየተለያዩ ይሄዳሉ። አቀናባሪው ሦስቱን ቁጥሮች ይዞ ሲጀምር ዜማው ምንም አይጎዳም።

እያንዳንዱ ዘፈን በአራት ዓይነት ይወጣል፤ ሙሉው፣ ድምፅ የሌለው፣ ድምፅ ብቻ የሆነው፣ እና ከመነሻው በፊት ሁለት መስመር የሚቆጥር ምት ያለበት የቀረጻ ቅጂ። ሁሉም 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት። አንዱ በ44.1 ከወጣ የመድረኩ ማጫወቻና የድምፅ መቅጃው መናበብ ሊያቆሙ ይችላሉ።

ኅዳር፤ ተዋናይ ወይስ ሙዚቀኛ

ለየመሣሪያው መልሱ ይለያል። ድራም ማስመሰል አይቻልም፤ እጅ፣ እግርና ትከሻ አብረው ስለሚታዩ ድራመሩ እውነተኛ ድራመር ይሁን፤ ንግግሩ ይቀነስ። ቤዝ ተጫዋቹ ግን ተዋናይ ቢሆን ይሻላል፤ የቀልዱ ግማሽ በእሱ ፊት ላይ ነውና። አራቱን ዘፈኖች በዋናው ድምፅና በአምስተኛው ብቻ ይማራል፤ ግራ እጁ በትክክለኛው ቦታ ካረፈ ካሜራው ያምነዋል። ቤዙ ባይቀጠልም ጣቱ ክሩን በእውነት መጫን አለበት፤ ክሩን ብቻ ዳስሶ የሚያልፍ ጣት ከሩቅም ይታወቃል።

ክራር ላይ ሰዎች የሚስቱት ቀኝ እጅን ነው ብለው ያስባሉ። የሚያጋልጠው ግን ግራው ነው። ክራር ሲገረፍ የማይፈለጉትን ክሮች የሚያፍኑት የግራ እጅ ጣቶች ናቸው፤ ድምፁ ሲለወጥ ጣቶቹ ካልተነሡ ያልሠለጠነ መሆኑ ወዲያው ይታያል። ስለዚህ ለክራር ተጫዋቹ ሙዚቀኛ ተመርጦ ትወናውን መለማመድ ይሻላል። ማሲንቆ በታሪኩ ነበረ፤ ወጥቷል። የመምቻው አቅጣጫ ከዜማው ጋር ካልገጠመ ከኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው እንኳ ያየዋል፤ የታሪኩም ክብደት በክራሩ ላይ ነው።

ክራሩ ሁለት ነው፤ መልካቸው አንድ፣ የክራቸው ቀለም አንድ። ከሲ ባቲ ማይነር ወደ ሲ ትዝታ ማይነር ለመሄድ ሦስት ክሮች ይወርዳሉ፤ ኢ ፍላት ወደ ዲ፣ ኤፍ ወደ ኢ ፍላት፣ ቢ ፍላት ወደ ኤ ፍላት። ቅኝቱ ራሱ አፍታ ነው፤ የወረደው የናይሎን ክር ግን እስኪረጋጋ ድረስ ይሸሻል፤ የመድረክ መብራት ሙቀት ሲጨመርበት ይብሳል። አንዱ ክራር ለባቲው፣ ሌላው ለትዝታው ተቃኝቶ ይቀመጣል፤ ከመቃኛው በስተኋላ ነጭና ጥቁር ፕላስተር ይለጠፍበታል፤ በካሜራ የማይታይ፣ በቅርብ ግን የሚለይ።

ሹሩባ ብዙዎች የሚዘነጉት የመመሳሰል ጉዳይ ነው። ድምፃዊቷ ሹሩባ ከተሠራች በሁለትና ሦስት ሳምንት ውስጥ ሥሩ ይበቅላል፣ ፊቷም ይለወጣል። ያችው ሠሪ በዚያው አሠራር ትደግመዋለች፤ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላና ከላይ ፎቶ ይነሣል፤ የመስመሮቹ ቁጥር ይጻፋል። ቀላሉ መንገድ ግን ስክሪፕቱን ማገዝ ነው፤ ፊልሙ በሦስት የፀጉር ዘመን ተከፍሏል፤ ከውሉ በፊት ሹሩባ፣ በውሉ ጊዜ የተለቀቀ ፀጉር፣ በመጨረሻ እንደገና ሹሩባ። የቀረጻው ቅደም ተከተል የሚወሰነው በዚህ ነው።

ታኅሣሥ፤ የውጭ ቀረጻ

ዝናብ የለም፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። ከረፋዱ 4 እስከ 9 ሰዓት ብርሃኑ ከላይ ይወርዳል፤ የዓይን ጉድጓድ ይጠቁራል። በዚያ ሰዓት ጠባብ ሾት የሚወሰድ ከሆነ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ነጭ ጨርቅ ከላይ ይወጠራል፤ ሰፊ ሾት ከሆነ ግን ቀረጻው ወደ ሕንፃ ጥላ ይዛወራል። ከ11 ሰዓት በኋላ ያለው ወርቃማ ብርሃን ለፍቅር ትዕይንት የሚመቸው ነው፤ ነገር ግን ፀሐይዋ 12 ሰዓት እንዳለፈ ትገባለች፤ ድንግዝግዙም ከ20 ደቂቃ ብዙም አይዘልም። በዚያ ጊዜ ከአንድ ትዕይንት በላይ ማቀድ ከንቱ ነው። ልምምዱ በ10 ሰዓት ያልቃል፤ መጀመሪያ የሁለቱም ፊት የሚታይበት ሰፊው ሾት ይወሰዳል፤ ጠባቦቹ ጨለማ ሲመጣ በመብራት ሊረዱ ይችላሉ።

ባንዱ መሣሪያ ተሸክሞ ታክሲ የሚፈልግበት ትዕይንት የሚቀረጸው እሑድ ጠዋት ነው። ሚኒባሱ ለቀረጻው ይከራያል፤ ረዳቱም ተዋናይ ነው። ቀልዱ የኪቦርዱ ርዝመት ነው። ባለ 88 ቁልፍ ኪቦርድ ከነቦርሳው ከመቶ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ያልፋል፤ የሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ በጋድም ብቻ ነው የሚገባው፤ ስለዚህ ባለ 61 ቁልፉን ይዞ መሄድ ቀልዱን ይገድለዋል። ከኋላ የሚከተል ካሜራ በር ላይ ቆሞ ሙሉውን ጊዜ ሳይቆርጥ ይይዛል። አካላዊ ቀልድ ሲቆራረጥ አያስቅም፤ ሰውየው፣ ዕቃውና እንቅፋቱ በአንድ ፍሬም ውስጥ ይታዩ።

ጥር፤ ቀረጻ የለም

ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ሙዚቀኞች በሙሉ ተይዘዋል። በዚህ ወር ባንድ ለቀረጻ መቅጠር ዋጋውን ከማናሩም በላይ ሰዎቹ ሌሊት ሠርተው ጠዋት እንቅልፍ ሳይጠግቡ ይመጣሉ። ወሩ ለሙከራ ይውላል።

በክለብ ውስጥ ያሉት ርካሽ የኤልኢዲ መብራቶች ብርሃናቸውን የሚቀንሱት ቶሎ ቶሎ በመጥፋትና በመብራት ነው። ዓይን አያየውም፤ ካሜራው ግን ምስሉ ላይ የሚወርዱ ጥቁር መስመሮችን ያያል። የአገሩ ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ስለሆነ ሻተሩ (ካሜራው ለአንድ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ላይ ሲደረግ የአምፖሎቹ መብለጭለጭ ይጠፋል፤ የመድረክ ኤልኢዲዎቹ ግን በሙሉ ኃይል ሲበሩ ብቻ ነው የሚረጉት። እያንዳንዱ መብራት በሦስት የብርሃን መጠን ለ10 ሰከንድ ይቀረጻል፤ የሚያስቸግረው ምልክት ይደረግበታል። ብርሃኑ ከበዛ በጄል (መብራቱ ላይ በሚሸፈን ስስ ፕላስቲክ) ወይም በማራቅ ይቀነሳል፤ በመቀነሻው አይነካም።

ማከማቻው ላይ የሚሠራው ሒሳብ ቀላል ነው። በሰከንድ 400 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በደቂቃ 3 ጊጋባይት፣ በሰዓት 180 ጊጋባይት ይወስዳል። ካሜራው ሁለት ነው። ሁሉም ፋይል ሁለት ቦታ ሳይገለበጥና ልክነቱ ሳይረጋገጥ ካርዱ አይጠራም፤ ግልበጣው በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በሚይዝ ባትሪ) ላይ ይሠራል፤ መብራት መሐል ላይ ሲጠፋ የተቆረጠ ፋይል ጤነኛ መስሎ ይታያልና።

የካቲትና መጋቢት፤ ሁዳዴ

ይህ የሥራው ልብ ነው። በ55 ቀኑ ጾም ሠርግ የለም፣ የምሽት ቤቶችም ይቀዘቅዛሉ፤ ሙዚቀኛውም ቦታውም በአንድ ጊዜ ይገኛሉ፤ የኪራዩ ዋጋም ይወርዳል። የመድረክና የልምምድ ክፍል ትዕይንቶች በሙሉ እዚህ ተመድበዋል።

ጾሙ የቀኑንም አከፋፈል ይወስናል። ቅዳሴ በሥራ ቀናት ከቀትር በኋላ ስለሚገባ የአካባቢው ድምፅ ማጉያ ከሰዓት በኋላ ይሰማል፤ ዝግ ያለ ንግግር ያለባቸው ትዕይንቶች ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት ይቀረጻሉ። የመብል ትዕይንት ደግሞ ከ9 ሰዓት በኋላ ነው፤ ከቡድኑ ብዙው ሰው እስከዚያ አይበላም። ምግቡ ሽሮ ነው። የቤዝ ተጫዋቹ የጉርሻ ምሳ ተጋቢኖ እንዲሆን የተደረገው ለዚህ ነው፤ ጿሚ ተዋናይም ያለ ችግር ይበላዋል። የሸክላው መንተክተክ ከምድጃ ከወጣ በኋላ ሁለት ደቂቃ አይቆይም፤ ሁለት ድስት እየተፈራረቁ ይመጣሉ። የጉርሻው ቁጥር፣ በየትኛው እጅ እንደተሰጠና ከእንጀራው የትኛው ጎን እንደተቆረሰ ይመዘገባል። ለአንድ ሾት አንድ ሙሉ እንጀራ ተመድቧል።

የዘፈን ቀረጻ። ድራሙ ላይ ሲምባሎቹ ቀዳዳ ባላቸው ጸጥተኛ ሲምባሎች ይተካሉ፤ ከበሮዎቹ ላይ ፎጣ ይነጠፋል፤ ቤዝና ኪቦርድ ከአምፕሊፋየር ይነቀላሉ። ድምፃዊቷ ግን በሙሉ ድምፅ ትዘፍናለች። አፍ ብቻ የሚያንቀሳቅስ ሰው የአንገት ጅማቱ አይወጠርም፤ ትንፋሹም ከዜማው ጋር አይሄድም። የከንፈሩ መገጣጠም የሚመረመረው በ«በ»፣ «መ»፣ «ፐ» እና «ጰ» ነው፤ በተለይ ሲጠብቁ። ከንፈር ተገጥሞ የሚቆይባቸው ስለሆኑ የሁለት ፍሬም ልዩነት እነሱ ላይ ይጋለጣል፤ በ«ሰ» ወይም በ«ነ» ላይ ማንም አያየውም።

ዝግ ብሎ የሚሄድ ምስል ከተፈለገ ካሜራው በ30 ፍሬም ይቀርጻል፤ ዘፈኑ በ120 በመቶ ፍጥነት ይጫወታል፤ በ25 ሲታይ ከንፈሩ ይገጥማል፣ እንቅስቃሴው ግን ይለሰልሳል። በ50 ፍሬም ቀርጾ ዘፈኑን በእጥፍ ማፍጠን በወረቀት ላይ ይሠራል፤ በአማርኛ ግን የሚጠብቁት ፊደላት ስለሚጠፉ አፉ ሐሰት ይሆናል።

ሰው እየጨፈረ ሁለቱ የሚነጋገሩበት ትዕይንት ትልቁ የድምፅ ፈተና ነው። ሙዚቃው ከተከፈተ ንግግሩ ይበላሻል፤ ከተዘጋ ጨፋሪው ምቱን ይስታል። መፍትሔው ከዘፈኑ ውስጥ በ40 ኸርዝ የሚመታ ምት ብቻ ማውጣትና በትልቅ የባስ ስፒከር መሬት ላይ ማጫወት ነው። ጨፋሪው በእግሩ ይሰማዋል። በድምፅ ድልድል ጊዜ፣ ማለትም ድምፆቹ ሁሉ ተመጣጥነው ሲቀላቀሉ፣ ከ80 ኸርዝ በታች ያለው ይቆረጣል፤ የሰው ንግግር ከዚያ በላይ ስለሆነ አይጎዳም። ስፒከሩ የሚንቀጠቀጥ ጠረጴዛ ወይም ብርጭቆ አጠገብ ከተቀመጠ የሚንቀጠቀጠው ዕቃ ከፍ ያለ ድምፅ ያወጣል፤ እሱ ደግሞ አይቆረጥም፤ ስለዚህ ብርጭቆዎቹ ከሥራቸው ጨርቅ ይደረግላቸዋል።

የልምምድ ክፍሉ ግድግዳ ባዶ ብሎኬት ስለሆነ ድምፁ ይመለሳል። ከካሜራው ጀርባ ባሉት ሁለት ግድግዳዎች ላይ ወፍራም ብርድ ልብሶች ከግድግዳው አንድ ጋት ርቀው ይሰቀላሉ፤ ግድግዳው ላይ ከተለጠፉ ጥቅማቸው ይቀንሳል። በየትዕይንቱ መጨረሻ ሁሉም ሰው ባለበት ቆሞ የ60 ሰከንድ የክፍሉ ጸጥታ ይቀዳል።

የመብራቱ ድልድል፦ ሁለት ባለ 300 ዋትና አራት ባለ 60 ዋት ኤልኢዲ፤ 840 ዋት። ከሞኒተርና ቻርጀር ጋር 1,100 ዋት ገደማ፣ በ220 ቮልት 5 አምፒር። ባለ 2 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ መብራት ሲጠፋ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይይዛል፤ የተጀመረውን ትዕይንት ለመጨረስ ይበቃል። ጄኔሬተር ከግቢው ውጭ፣ ከግንብ ጀርባ ይቁም። ቀይ መብራት ፊት ላይ አይደረግም፤ የካሜራው ቀይ ክፍል ሞልቶ የፊት ዝርዝር ይጠፋል፤ ቀዩ ለጀርባ ይሁን፣ ፊት ላይ ሞቅ ያለ የ3,200 ኬልቪን ብርሃን ይውደቅ።

የሽልማቱ ትዕይንት፤ አድናቂው ብር ግንባሯ ላይ ይለጥፋል። ብሩ እውነተኛ ይሁን፤ የብር ኖት አስመስሎ ማተም በሕግ ያስጠይቃል። ብሮቹ ሲወጡና ሲገቡ በተመደበ አንድ ሰው ተቆጥረው ይፈረምባቸዋል። ባለ 200 ብር ኖት የገባው በ2013 ስለሆነ ወደ ኋላ የሚመለሰው ትዕይንት ውስጥ መታየት የለበትም። ብሩ እንዲይዝ ግንባር ላይ ጥቂት ግሊሰሪን ይቀባል፤ ቫዝሊን ኖቱን ያሳልፈዋል፣ ሜካፑንም ያነሣል።

ሚያዝያ፤ ሠርጉ

ከፋሲካ በኋላ። ባንዱ ሠርግ ላይ ተቀጥሮ ድምፃዊቷና ክራር ተጫዋቹ በመጀመሪያ የሚታረቁበት ትዕይንት ነው። 300 እንግዳ ማስገባት አይቻልም፣ አያስፈልግምም። ካሜራው ከባንዱ ጎን ይቆማል፤ ሠርጉ የሚታየው በድንኳኑ መክፈቻ፣ በረጅም ሌንስ ነው። 25 ታዳሚ ልብስ እየቀያየረ ያልፋል። ሙሽሮቹ በሙሉ ፊት አንድ ጊዜ ብቻ ይታያሉ። የድንኳኑ ነጭ ሸራ ብርሃኑን ያለሰልሳል፤ ነፋስ ሲነሣ ግን ይፈራገጣል፤ ስለዚህ ጠባብ ንግግሮቹ ከ5 ሰዓት በፊት ይወሰዳሉ።

ግንቦትና ሰኔ፤ ኤዲቲንግ

የመጀመሪያው ቅጥያ ከሙዚቃ ውጭ ይሠራል። ሳቅ የሚኖርበት ቦታ ሁሉ በራሱ መቆም አለበት፤ ከሥር ደስ የሚል ክራር ማስገባት ደካማ ቀልድን ይሸፍናል እንጂ አያድነውም። ከቀልዱ ንግግር በኋላ የሰሚው ፊት ከአንድ ሰከንድ ተኩል እስከ ሁለት ሰከንድ ይቆያል። ሲኒማ ቤት ውስጥ ሳቁ ቀጣዩን ንግግር ይበላዋል፤ ያ ፊት ለሳቁ የተያዘ ቦታ ነው። በስልክ ብቻውን ለሚያየው ሰው ግን ሁለት ሰከንድ ይረዝማል፤ ስለዚህ ፊቱ ዝም ብሎ አይቆይ፣ ይሥራ። የቤዝ ተጫዋቹ ማኘክ እዚህ ዋጋው ታየ።

ቅጂው ታሪኩን ለማያውቁ ተመልካቾች ሲታይ የክፍሉ ድምፅ ተቀድቶ ከኤዲቲንጉ ሥር ይገባል። የሚያስቀው ቦታ በግምት ሳይሆን በሰከንድ ይታያል። በባቲና በትዝታው ትዕይንት ላይ የመጀመሪያው ሳቅ የመጣው ከንግግሩ ላይ አልነበረም፤ ቤዙ ወደ ኢ ፍላት በተሸጋገረ ቅጽበት ነው። በዚህ ምክንያት ቀጥሎ የነበረው የኪቦርድ ተጫዋቹ ማብራሪያ ሙሉ በሙሉ ተቆርጧል።

የዘፈን ቁርጥ ዋናው ምት ላይ ሁልጊዜ ማረፍ የለበትም። በጭክጭካ ሦስተኛው ትንሽ ምት ላይ፣ ማለትም ከዋናው ምት 5 ፍሬም ቀደም ብሎ ሲቆረጥ ዓይን አዲሱን ምስል ይዞ ምቱን ይጠብቃል። በእያንዳንዱ ዋና ምት ላይ መቁረጥ ፊልሙን ክሊፕ ያደርገዋል።

ሐምሌ፤ ድምፅ ድልድልና ማስተር

የክረምቱ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ድምፅ መድገም አይቻልም፤ የሚደገሙ ንግግሮች በሙሉ ሰኔ ሳይጋመስ ተቀድተዋል። ንግግሩ መሐል ላይ፣ ባንዱ በስቱዲዮው ሳይሆን በመድረኩ አቀማመጥ ይደለደላል፤ ክራሩ ከሚታይበት ጎን ይሰማል። የስቱዲዮው ንጹሕ ዘፈን ልምምድ ክፍል ውስጥ እንዳለ ከገባ ውሸት ነው፤ በዚያው ክፍል በስፒከር ተጫውቶ እንደገና ተቀድቶ ከንጹሑ ጋር ይቀላቀላል፤ አንድ ሦስተኛ ያህሉ የክፍሉ ድምፅ ይሁን።

ለቴሌቪዥን ቅጂው በ-23 ኤልዩኤፍኤስ (የድምፅ ጩኸት መለኪያ)፣ ለኢንተርኔት በ-14 አካባቢ ለየብቻ ይወጣል። የቴሌቪዥኑን ማስተር በድፍኑ ከፍ አድርጎ ለኢንተርኔት መስጠት ዘፈኖቹን ጣሪያ ያስነካል፤ ንግግሩና ዘፈኑ ለየብቻ ይስተካከሉ።

የሲኒማው ቅጂ ላይ የመጨረሻው ወጥመድ አለ። አንዳንድ ሲኒማ ቤቶች 24 ፍሬም ብቻ ይቀበላሉ። በ25 የተቀረጸው ፊልም ወደ 24 ሲዘገይ ምስሉን ማንም አይጠራጠረውም፤ ድምፁ ግን 4 በመቶ ይወርዳል፤ ከግማሽ ድምፅ (100 ሴንት) የሚያንስ፣ ወደ 70 ሴንት ማለት ነው። የድምፃዊቷ ድምፅ ይወፍራል፣ ክራሩ የሰነፈ ይመስላል። በሙዚቃ ፊልም ላይ ይህ አይታለፍም። ድምፁ ከምስሉ ተለይቶ፣ ከፍታው ሳይነካ ርዝመቱ ብቻ ይለጠጣል። መለጠጡ ክራሩ ላይ የተዛባ ድምፅ እንዳያመጣ ዘፈኖቹ፣ ንግግሩና አካባቢው በሦስት ተለይተው ይለጠጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ይደባለቃሉ። ማረጋገጫው ክራሩ ብቻውን በሚመታበት በመጀመሪያው ትዕይንት ላይ ይደረጋል፤ መቃኛ መሣሪያ ተከፍቶ ሲ እንደ ሲ ከተነበበ ቅጂው ይላካል።